የሁለት ቤት ልጅ

ረማዛን ወደ እኛ በረንዳ የመጣ ለት፣ ለአንገቱ የሚሆን ኮሌታ ከሚሴ ውስጥ አልተገኘም ነበር።

ገበያውን አዳርሶታል። የሚሞክረው ሸሚዝ ሁሉ ደረቱን እንደምንም ያልፍና አንገቱ ላይ ሲደርስ አልዘጋ ይላል። ሰማኒያ ስምንት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ልጆቼ። ያኔ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ከከተማው ወጣ ብሎ ድንኳን ተክሎ ነበር፤ እሱ የማሽኑ መካኒክ ነው። ሰዉ «ሩሲያዊው» ይለዋል። እሱ ግን ዳግስታን ከሚባል የተራራ አገር የመጣ፣ እንደኛው እስላም ነው። ስሙም የኛው ረመዳን ነው፤ በነሱ አፍ ረማዛን ይሆናል።

በረንዳው ላይ የምንውለው ሁለት ሴቶች ነን። እኔ በርበሬና ቅመሜን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ከጎኔ የጎረቤታችን የአያ እንድሪስ ልጅ ዓዲላ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። እኔና ባሌ ሙሀመድአሚን ልጅ አልወለድንም። አላህ ያላለው አይሆንም። ዓዲላን ግን ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ በዓይኔ ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብል ማንም ውሸታም አይለኝም።

የሰውየው ጥላ መኪናዋ ላይ ሲያርፍ ቀና አለች። አንገቱን አየች። ከዚያ ጆሮዎቹን አየች። ሁለቱም እንደ ደረቀ ቁርበት ተኮማትረዋል።

«አከም ጂርታ» አለ በኦሮምኛ። ከቆፋሪዎቹ የለመዳት ሰላምታ ናት።

«ፈያ። ምን ልስፋልህ?»

«ሸሚዝ። አንገት የለም።»

«አንገቱስ ሞልቶ ተርፏል። የጠፋው ሸሚዙ ነው» አለችው።

እኔ ሳቄን በጉፍታዬ ሸፈንኩ። እሱ ቀልዱ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባው ግን ፊቱ ሁሉ በራ።

ልብስ ሰፊ ልክ መውሰድ አለበት። ያላገባች ልጅ ደግሞ በአደባባይ የወንድ አንገት ላይ እጇን አታዞርም። ዓዲላ ለዚህ ዘዴ ነበራት። ሜትሩን ትሰጣለች፣ ደንበኛው ራሱ ይጠመጥመዋል፣ እሷ ቁጥሩን ታነባለች። ለሱም ሰጠችው። ጣቶቹ ወፍራም ናቸውና ሜትሩ አንሸራተተበት፤ እንደገና ጠመጠመ። ቁጥሩን ለማንበብ ጠጋ ማለት ነበረባት። ጠጋ አለች። እሱ ትንፋሹን ያዘ።

«ተንፍስ እንጂ፤ ኋላ ኮሌታው ያንቅሃል።»

ተነፈሰ። ያን ትንፋሽ እኔ በርበሬ እየሰፈርኩ ሰማሁት።

ሸሚዙ ተሰፍቶ ወሰደ። በሳምንቱ አንድ ቁልፍ ወድቆ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቁልፍ።

«ይሄ ሰውዬ ቁልፍ ይበላል እንዴ?» አልኳት ለዓዲላ።

«ማሽን ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፣ እትዬ ሰዓዲያ። ልብስ አይበረክትለትም» አለች፤ መርፌዋ ውስጥ ክር ለማስገባት ስትሞክር ግን ቀዳዳው ጠፋባት።

ቁልፉ እስኪተከል ድረስ አጠገቤ ባለች ዱካ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ሆኖ ነው የሕይወቱን ነገር በቁራሽ በቁራሽ የነገረን። አማርኛውም ኦሮምኛውም የተሰባበረ ነው፤ የጎደለውን በእጁ ይሞላዋል።

መንደሩ ገደል ላይ የተሠራች ናት አለ፤ የአንዱ ቤት ጣራ የላይኛው ቤት ግቢ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር። እዚያ አገር ወንድ ልጅ መቆም ሲችል ትግል ይጀምራል። አንድ ቀን ከከተማ አሠልጣኝ መጥቶ ልጆቹን ሁሉ ዐውድማ ላይ አታገለ። ረማዛን ትንሹ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲጥሉት ዋሉ። እየጣሉት ይነሳል፣ እየጣሉት ይነሳል። ሲመሽ አሠልጣኙ ያሸነፉትን ትቶ እሱን ይዞ ሄደ።

በስፖርት ትምህርት ቤቱ ጓደኛውን ተሸክሞ ዳገት ይወጣ ነበር። ነጻ ትግል የሚሉት ዓይነት ነው፤ እግርም ወገብም ይያዛል፣ የተጋጣሚን ሁለት ትከሻ ምንጣፍ ያስነካ ያሸንፋል። ጆሮው የተበላሸው በዚያ ነው። ሲያድግ ለመላው ሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮና ቀረበ። በመጨረሻው ግጥሚያ ከአንድ ግዙፍ የሳይቤሪያ ሰው ጋር ገጠመ፤ ሰውየው ሲመራ ቆይቶ ሊያልቅ ሲል ረማዛን ከሥሩ ገብቶ ነቅሎ አነሳው። በዓመቱም ደገመው። ያን ጊዜ የተጋጣሚውን ክንድ ጠምዝዞ ይዞት ነበር፤ አጥንቱ ሊሰበር መሆኑን ሲያውቅ ለቀቀውና እንደ አዲስ ጀምሮ አሸነፈው።

«ለምን ለቀቅከው?» አለችው ዓዲላ።

«ክንዱ የሱ ነው» አላት። «እኔ የምፈልገው ትከሻውን ብቻ ነው።»

ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። አላየችውም፤ ግን ፈገግታዋን እኔ አየሁት።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ለኦሊምፒክ ተመረጠ። ሻንጣው ተዘጋ፣ እናቱ መረቀችው። ከዚያ ከሞስኮ ስልክ ተደወለ፤ አገሪቱ አትሄድም ተባለ። ይህን ሲናገር ባሌ ሙሀመድአሚን ቆሞ ይሰማ ነበር። ሬዲዮ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው።

«ያኔ እኮ የኛዎቹም አልሄዱም» አለው። «ሯጮቻችን ተዘጋጅተው ቤታቸው ቀሩ።»

ረማዛን ዞሮ አየው። «የናንተም?»

«የኛም።»

ተነስቶ የባሌን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። አንድ ለቅሶ ላይ የተገናኙ ሰዎች እንዲህ ይጨባበጣሉ። ከዚያ ወዲያ እኔን «እማ ሰዓዲያ» ማለት ጀመረ። የራሱ እናትና አባት አልፈዋል፤ ወንድምም እህትም የለውም። ከኦሊምፒኩ በኋላ ጉልበቱ ተጎዳ። ጉልበቱ ሲድን ደግሞ ሻምፒዮን የሆነባት አገር ራሷ ፈራርሳ ከካርታ ጠፋች። ሌላ የሚያውቀው ሙያ መካኒክነት ነውና ማሽን ተከትሎ ወጣ።

«አገሩ ከሌለ ሻምፒዮንነትህ የት ገባ?» አለችው ዓዲላ አንድ ቀን። ልታሾፍ ነበር፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ደነገጠች።

ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳሊያ አውጥቶ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠ። «እዚህ» አላት። ሜዳሊያው ከክሮቹ መሃል አንጸባረቀ። እሷም ሳትነካው ለረጅም ጊዜ አየችው።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ድንኳኑ አጠገብ ጭድ ያነጥፍና በላዩ ሸራ ይወጥራል። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ይሰበሰባል። ከሁሉ የሚፈራው ሙጂብ የሚባል ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ኩንታል በአንድ ትከሻ የሚያነሳ። «ሽማግሌውን ዛሬ ሸራው ላይ ነው የማሳድረው» ብሎ ገባ። ረማዛን ሠላሳ አምስት አልፎታል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ምን እንደሆነ ያየ የለም፤ ሙጂብ ከመሬት ተነሳ፣ በአየር ላይ ዞረ፣ ወረደ። ሲወርድ ግን ሁሉም ያየው አንድ ነገር ነበር። የረማዛን ግራ እጅ ከሙጂብ ጭንቅላት ሥር ገብታለች። ሙጂብ መሬት የነካው እንቅልፍ የያዘው ሕፃን እንደሚያስቀምጡት ነው።

ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ማንንም ይጣል፣ ራሱን ይዞ ነው የሚያወርደው። ልጅ ሳለ የአንዱን ራስ ምንጣፍ አስመትቶ አሠልጣኙ በጥፊ ብሎት ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እጁ ሳያዛት ትሄዳለች።

ውሃው ከጉድጓዱ የወጣ ለትም ስሙ ገነነ። የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ ጎረምሶች ማን ይቅደም በሚል ዱላ ይዘው ተፋጠጡ። ረማዛን ሞተሩን አጠፋና መሃላቸው ገባ። ዱላ ይቀመጥ፣ ከዚህ አንድ ከዚያ አንድ ወጥቶ ይታገል አለ።

«የጣለው ይቀዳል ማለት ነው?» አሉት።

«የወደቀው ይቀድማል» አለ። «የጣለው ጠንካራ ነው፤ መጠበቅ ይችላል።»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተነሳ። በሳቅ መሃል ዱላ የሚይዝ የለም። በዚያ የነበሩት ሽማግሌዎች የአያ እንድሪስ ጎሳ ናቸው። ነገሩ ከልባቸው ገባ።

በዚህ ሁሉ መሃል በረንዳው ላይ የሚሆነውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ረማዛን ቁልፍ ሳይወድቅ መጣ። ዱካዋ ላይ አልተቀመጠም።

«ዛሬ ምን ተበጠሰ?» አለችው።

«ምንም።»

መኪናዋን አቆመች። ዓይኖቿን ከጨርቁ አላነሳችም። ቆይታ ዝግ ባለ ድምፅ ነገረችው። በኛ አገር ወንድ ራሱን አይልክም። ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ ያስፈልገዋል። ዘመድ የሌለው ሰው ሲያጠፋ ለማን ይከሰሳል? ሲሞት ማን ይቀብረዋል? አባቴ ይህን ይጠይቃል። ሽማግሌ እስኪላክ ድረስ ደግሞ የኔን ስም ከአፍህ አታውጣ፤ ለማንም። ሴት ልጅ ስሟ ከሽማግሌው ቀድሞ ገበያ ከወጣ አባቷ እንደተደፈረ ነው የሚቆጥረው።

«ቶሌ» አለ። እሺ ማለቱ ነው።

እናም ስሟን ዋጠው። ትንፍሽ አላለም።

ብዙም ሳይቆይ የጎሳው ሽማግሌዎች ድንኳኑ ድረስ ሄዱ። ባዳን የጎሳ ልጅ የማድረግ የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ ከተደረገ ዘመን አልፎታል። «ዘመድ ልንሆንህ እንፈልጋለን» ሲሉት ረማዛን ዓይኑ እንባ አቀረረ። የጠየቃቸው ነገር የለም። ዘመድ፤ ሲፈልገው የኖረው ነገር በእግሩ መጣለት። እሺ አለ።

ያኑ ቀን በረንዳው ላይ እየሮጠ ነው የደረሰው። «ዓርብ ሰዎች ይሰጡኛል» አላት። «ከዚያ እነዚያ ሰዎች ወደ ቤትሽ ይመጣሉ።»

የማን ሰዎች እንደሆኑ አልጠየቀችም። እሱም ጎሳ ከጎሳ አይለይም። እኔ በርበሬ ላመጣ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ነበር፤ ወሬውን የሰማሁት ዓርብ ስመለስ ነው። እሷ ነጭ ጨርቅ ቆርጣ ጀለቢያ ሰፋችለት፤ እንዲያ ዓይነት ስፌት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። አንገቱን ልክ አልወሰደችም። በልቧ ይዛው ነበር።

ዓርብ ወይፈን ታረደ። ፋቲሃ ተቀራ። ከወይፈኑ ቆዳ ቀለበት ተቆርጦ ረማዛን ክንድ ላይ ገባ። «አጥንታችን ነህ» አሉት። ሼህ ሙሀመድኑር፣ የጎሳው ታላቅ፣ አንድ ነገር አስጠነቀቁ፤ ልጃችን እንልሃለን፣ የአባትህን ስም ግን አንቀይርም፣ መጽሐፉ በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ይላል አሉ። ከዚያ የማን ቤት ልጅ ይሁን ተባለ። አያ እንድሪስ በደርግ ጊዜ ለወታደርነት የተወሰደ ከማል የሚባል አንድ ልጁ ሳይመለስ ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደሱ ዞሩ። «ለእንድሪስ» አሉ በአንድ ቃል። አያ እንድሪስ ወንዶች መሃል አልቅሶ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ቀን አለቀሰ።

ልጁን እጁን ይዞ ወደ ቤቱ አመጣው። እኔ ዓዲላን እያገዝኩ እዚያው ጓዳ ነበርኩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አላት ከደጅ በደስታ። «ነይ ውጪ። ወንድምሽን ሰላም በይ።»

ወጣች። በር ላይ በነጭ ጀለቢያ የቆመውን አየች። እሱም አያት። ፊቱ ላይ ሳቁ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ገና አሁን ነው የማን ቤት እንደገባ የገባው።

«ሰላም በይው እንጂ» አለ አባቷ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወንድሜ» አለች።

ዱካዋ ባዶ ሆና የሰነበተችው ከዚያ በኋላ ነው። ከሳምንታት በኋላ ረማዛን የመጣው ዓዲላ በሌለችበት ነው። ክንዱ ላይ ያለችውን ቆዳ እያሽከረከረ ተቀመጠ።

«እማ ሰዓዲያ» አለኝ፣ «ያኔም ማንም አልጣለኝም። ሻንጣ ተዘግቶ፣ እናት መርቃ፣ በር ተዘጋ። አሁንም ማንም አልጣለኝም።»

ባሌ ነገሩን አጣራ። ሼህ ሙሀመድኑር እንዳሉት በሸሪዓ የሚከለክል የለም፤ ደም አይገናኙ፣ አንድ ጡት አልጠቡ። ግን ወይፈን ታርዷል። ሕዝብ ሰምቷል። እህትና ወንድም ተብለው ቢጋቡ ጎሳው ቃሉን ለሰንበቴ ገበያ መሳቂያ ሰጠ ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹ በዚህ አይደራደሩም። መውጫው አንድ ብቻ ነው። ወይፈኑ የታረደበት ቦታ ቆሞ ቆዳዋን ከክንዱ አውልቆ «ልጃችሁ አይደለሁም» ካለ እንደገና ባዳ ይሆናል።

«እላለሁ» አለ ረማዛን።

ዓዲላ ስትሰማ መጋረጃ ስትሰፋ ነበር። መኪናዋን አላቆመችም፤ መኪናው እየጮኸ ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ ከማል የሄደ ለት አባቴን አይቼዋለሁ። በኔ ምክንያት ሁለተኛ ልጅ ያጣል? አባት የካደ ሰው ሚስት አልሆንም፤ ንገሪው።»

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እምቢ ያለችበት ነገር ይበልጥ እንዲወዳት እንዳደረገው ከፊቱ አነበብኩ። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባቲ ሊዛወር ነበር። እሄዳለሁ አለ፤ ልጅነቴንም እንደያዝኩ እሄዳለሁ፣ አባቴ እንድሪስ ይጠራኛል፣ በዒድ በዒድ እመጣለሁ አለ። እያንዳንዱ ዒድ ምን እንደሚሆንበት እያወቀ።

መኪኖቹ ሊጫኑ ሲሉ አያ እንድሪስ በረንዳው ላይ መጣ። ረማዛን የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«ሰዓዲያ፣ እህትና ወንድም ሲበሉ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ አያ።»

«እኔ ከእህቴ ጋር ሥጋ ስንነጣጠቅ ነው ያደግነው። ከማልና ዓዲላም እንደዚያው ነበሩ፤ ገበታው ጦር ሜዳ ነው። ይሄኛው ልጄ ሲመጣ ግን ሳህኑን ታስቀምጥና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እሱም የጎረሰው አይወርድለትም። ትናንት አንዴ ብቻ ቀና ብለው ተያዩ። እንዲያ የሚተያዩ እህትና ወንድም የሉም።»

አፌን ልከፍት ስል እጁን አነሳ።

«መልስ አትስጪኝ። ዓይንሽ መልሶልኛል።»

አንድ አይሱዙ አለፈ፣ አቧራው ወረደ።

«ልጅ ለሌለው ጎረቤት ልጅ መስጠት በኛ ነውር ነው?» አለ።

«ከጥንት ያለ ነው እንጂ። ስንቱ ሰጥቷል።»

«እንግዲያው ልጄን ለናንተ ሰጠሁ። ለሙሀመድአሚንና ለአንቺ።»

መስፈሪያው ከእጄ ወደቀ። በርበሬው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ምን እንደሰጠኝ አውቃለሁ። ከማል ከሄደ ወዲህ ያ ቤት የሳቀው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው፤ ያንን ሳቅ ነው ከቤቱ አንስቶ እኔ ቤት ያስቀመጠው። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቀናኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲሰሙ ተቆጡ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ የሚሰጠው ሕፃን ነው እንጂ የማሽን ብረት የሚያነሳ ጎልማሳ ይሰጣል ወይ አሉ። አያ እንድሪስ እስኪጨርሱ ጠበቀ።

«እናንተ ሰጣችሁኝ። ስትሰጡኝ የኔ ሆነ። ቃላችሁን አላፈረስኩም፤ ልጄ ነበር፣ ልጄን ሰጠሁ። የራሴን መስጠት አልችልም የምትሉ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ አልሰጣችሁኝም ማለት ነው።»

ሼህ ሙሀመድኑር ጢማቸውን እየያዙ ብዙ አሰቡና ሳቁ። ሌሎቹም በግዳቸው ሳቁ። በግ ታረደ፤ ከበጉ ቆዳ ሌላ ቀለበት ወጣ። ረማዛን የመጀመሪያዋን አላወለቀም። ሁለቱን ደርቦ አሰረና አያ እንድሪስ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለው ሽማግሌው ራሱን እየዳበሰ፣ «ሂድ አሁን። ከዚያኛው ቤት ሆነህ ሽማግሌ ላክብኝ። እንደማላስቸግርህ ግን ቃል አልገባልህም።»

እውነቱን ነው፣ አስቸገረ። ሽማግሌዎቻችን ሲሄዱ ደጅ አቁሞ አስጠበቃቸው። ገብተው ሲቀመጡም እንደማያውቃቸው ሆኖ ጠየቀ።

«ልጁ የማን ነው?»

ባሌ ሙሀመድአሚን ተነሳ። በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ቃል ነው የሚናገረው፤ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠራረገ።

«የኔ ነው» አለ። «የሙሀመድአሚን ልጅ ነው።» ከዚያ መቀመጥ አቃተው፤ ደግፈው አስቀመጡት።

«ጠባዩስ እንዴት ነው?» አለ አያ እንድሪስ፤ እሱም ወደ ግድግዳው እያየ።

«አስተዳደጉን ከኛ ይልቅ አንተ ታውቃለህ» አሉ ሼህ ሙሀመድኑር። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

አያ እንድሪስ ወደ ጓዳ ገብቶ ዓዲላን ጠየቃት። እኔ የልጁ እናት ነኝና እዚያ መገኘት አልነበረብኝም፤ ግን ነበርኩ። ትወጂዋለሽ ወይ አላላትም። «ከዚህ በኋላ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪያለሽ?» ነው ያላት። እሷም የአባቷ ደረት ላይ ራሷን ደፍታ አለቀሰች።

ኒካሁ ላይ መህርሽ፣ ባልሽ የሚሰጥሽ፣ ምን ይሁን ሲሏት ያቺን ሜዳሊያ አለች። ረማዛን ከኪሱ ሲያወጣት አላመነታም። ቦታዋን ያገኘች ያህል ነው የሰጣት።

ድርጅቱ ወደ ባቲ ሄደ፤ ረማዛን ቀረ። የከተማው የውሃ ሞተር ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ሆነ። ዓርብ ዓርብ ጭዱ ይነጠፋል፣ ሸራው ይወጠራል፤ ሁለት ሴት ልጆቹ ዳር ቆመው የአባታቸውን ተማሪዎች ይዘልፋሉ። እኔን «እማ ሰዓዲያ» ማለቱን ትቶ «እማ» ብቻ ይለኛል። ስሜ ሳይጠራ ሲጠራኝ እስከ ዛሬ ልቤ ደንገጥ ይላል። ሜዳሊያዋ ዓዲላ መኪና ላይ ናት፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ነፋስ እንዳያነሳው ጫፉን የምትይዝባት እሷን ነው። ከሚሴ ውስጥ በሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮና ያልተቆረጠ ቀሚስ ያላት ሙሽራ ጥቂት ናት።

አያ እንድሪስ ያረፈው በሁለት ሺህ ስድስት ነው። አርጅቶ፣ ጠግቦ፣ የልጅ ልጆቹን አቅፎ። ቀብር ላይ እኛ ሴቶች አንሄድም፤ የነገረኝ ባሌ ነው። መቃብሩ ተቆፍሮ ሲያልቅ፣ ማን ይውረድ ተባለ። ወርዶ የሚቀበለው ወንድ ልጅ ነው። ልጅ የለውም። ረማዛን አማች ነው፣ ለሌላ ቤት የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ቆሞ ነበር። የጎሳው ሰዎች ግራና ቀኝ ተከፈሉለት። ሙጂብ ነው አሉ ጀርባውን መታ ያደረገው።

ወረደ። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም። ሽማግሌውን ከላይ ሲያቀብሉት ተቀበለና ዝቅ አደረገው፣ ቀስ አድርጎ፣ ግራ እጁን ከራሱ ሥር አስገብቶ። አፈሩ ላይ ካረፈ በኋላም እጁን ለማውጣት ቆየ አለኝ ሙሀመድአሚን። ማንም አላስቸኮለውም።

ማታ ሲመለስ ዓዲላ ደጅ ላይ ጠበቀችው። ጀለቢያው አፈር ነክቶታል። ኮሌታውን በእጇ አራገፈች፤ አሁን በአደባባይ ብትነካው ምንም የሚላት የለም።

«ራሱን ያዝክለት?» አለችው።

«ያዝኩለት።»